ከውጭ አገር ትምህርት ቤት ጋር ዘላቂ ልማትን አብሮ መማር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለምትገኙ መምህራን

የማስተምረው አቃቂ ቃሊቲ፣ ከተማው አልቆ እርሻው በሚጀምርበት በኩል፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡንም እመራለሁ። በክፍሌ አንዱ መስኮት ኮንዶሚኒየም ይታያል፣ በሌላው የጤፍ ማሳ።

ከውጭ አገር ትምህርት ቤት ጋር መጀመሪያ ስንገናኝ የላክነው የሚያስፈልገንን ነገር ዝርዝር ነበር። ኮምፒውተር፣ መጻሕፍት፣ ኳስ። ሁለት ካርቶን መጻሕፍት መጣልን፤ በሰልፍ ላይ ተነገረ፣ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈ፣ ፎቶ ተላከ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የምንጽፈው ጠፋን፤ ዓመቱ ሳይሞላ ግንኙነቱ ቀዘቀዘ። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፣ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ልጆቻችን ከዚያ የተማሩት እነሱ ሰጪ፣ እኛ ተቀባይ መሆናችንን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግንኙነት፣ በእንግሊዝ ካለ ትምህርት ቤት ጋር የጀመርነው፣ ሥር ሰደደ። የጀመርነው ሁለቱም ወገን በገዛ እጁ ሊለካው በሚችል አንድ ጥያቄ ነበር። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተጻፈው ከዚያ ልምድ ተነስቶ ነው። ሀብታም ትምህርት ቤት መሆን አያስፈልጋችሁም። ደብተር፣ ማስመሪያ፣ ባዶ ሃይላንድና አንድ ስማርት ስልክ ካላችሁ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ አጋር ከመፈለጋችሁ በፊት ጥያቄ ምረጡ

የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በመስከረም 2008 (እ.ኤ.አ. 2015) የተስማሙባቸው የዘላቂ ልማት ግቦች 17 ናቸው፤ በሥራቸው 169 ዝርዝር ዒላማዎች አሉ፤ ቀነ ገደባቸው እ.ኤ.አ. 2030 ነው። ዒላማ 4.7 በቀጥታ የሚመለከተን መምህራንን ነው፦ ተማሪዎች ሁሉ ዘላቂ ልማትን ለማራመድ የሚያስችል ዕውቀትና ክህሎት እንዲያገኙ ይጠይቃል።

17ቱን ግቦች በካርቶን ጽፎ ግድግዳ ላይ መስቀል ቀላል ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ያደርገዋል። ልጁ ግን እቤቱ ሲገባ ካርቶኑ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከ17ቱ አንዱን ብቻ ያዙ፤ እሱንም ወደ አንድ ጥያቄ አውርዱት። ጥያቄው በልጆቹ ቤት ውስጥ ያለ ነገር መሆን አለበት፣ በቁጥር መለካት አለበት፣ እዚያ ማዶ ያሉትም ልጆች በቤታቸው ሊለኩት ይገባል።

እኛ አካባቢ የሚሠሩ ጥያቄዎች ሞልተዋል። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ስንት ፌስታልና ስንት ሃይላንድ ይጥላል? ከዚያ ውስጥ ቆራሌው የሚወስደው ስንቱን ነው? አንድ ቡና እስከ በረካ ድረስ ስንት ግራም ከሰል ይበላል? ምድጃው ቢቀየርስ? በሐምሌ ለአረንጓዴ አሻራ ከተተከለው ችግኝ እስከ ጥር ስንቱ ጸደቀ? ይኸኛው በተለይ ሊጠየቅ የሚገባው ነው፤ የተተከለው በየዓመቱ ይቆጠራል፣ የጸደቀውን ግን ልጆች ሲቆጥሩ ብዙም አላየሁም።

እኛ የመረጥነው ውኃን ነው፤ ምሳሌዬም እሱው ይሆናል።

የአቃቂን ወንዝ ጥያቄያቸው ማድረግ ለሚያስቡ ግን ሁለት ነገር ልበል። ትንሹም ትልቁም አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ ከዚያም አዋሽ ይቀበላቸዋል። ስለዚህ ማንም ልጅ ወንዙ ውስጥ እጁን አይንከር፤ ከድልድይ ላይ ሆኖ ማየት፣ ቀለሙንና ሽታውን መመዝገብ ይበቃል። ሁለተኛው ከዚህም ይበልጥብኛል። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ቤተሰቦች ልጆች ክፍላችሁ ውስጥ ተቀምጠዋል። «የተበከለ አትክልት» የሚለው ትምህርት የአባቱን እንጀራ የሚነካበት ልጅ አለ። ብክለቱ ከላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱና ከፋብሪካው እንደሚመጣና ገበሬው የመጨረሻው ተቀባይ እንደሆነ አስቀድማችሁ አስተምሩ። ቆሻሻን ጥያቄያቸው ለሚያደርጉትም እንዲሁ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል፤ በዚያ በኩል ባሉ ትምህርት ቤቶች ዘመድ ያጣ ልጅ ሊኖር ይችላልና ሳታጣሩ ርእሱን አትክፈቱት።

ደረጃ 2፦ አጋር ፈልጉ

የዩኔስኮ ተባባሪ ትምህርት ቤቶች መረብ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ አለ፤ መግቢያው በብሔራዊ የዩኔስኮ ኮሚሽን በኩል ነው። አይኧርን (iEARN) የሚባለው የመምህራን መረብ እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረ ሲሆን፣ ክፍሎች በጋራ ፕሮጀክት የሚገናኙበት ነው። ብሪቲሽ ካውንስልም ለዓመታት ትምህርት ቤቶችን ሲያገናኝ ቆይቷል፤ ፕሮግራሞቹ ስለሚቀያየሩ በአሁኑ ሰዓት ምን ክፍት እንዳለ አዲስ አበባ ቢሯቸው ጠይቁ። አዲስ አበባ እህትማማች ከተሞችም አሏት፤ ከላይፕዚግ ጋር ያለው ግንኙነት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ነው፤ የእህት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ለትምህርት ቤት ጥያቄ ጆሮ ይሰጣል።

ከሁሉም የፈጠነልን ግን ሰው ነው። ውጭ አገር የሚያስተምር ወይም ልጁን እዚያ የሚያስተምር የሰፈር ልጅ የሌለው ትምህርት ቤት አለ ብዬ አላምንም። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ «ውጭ አገር መምህር የሆነ ዘመድ ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ያገኘነው እንዲያ ነው፤ የአንዲት ተማሪ አክስት በምታስተምርበት ትምህርት ቤት በኩል።

አጋር ማለት የግድ አውሮፓ ማለትም አይደለም። ናይሮቢ ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ኬንያ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ፌስታል ስለከለከለች የፌስታል ጥያቄ ለያዘ ክፍል ከናይሮቢ የተሻለ አጋር የለም።

የመጀመሪያውን መልእክት አጭር አድርጉት። የት እንዳላችሁ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆናችሁ፣ ጥያቄያችሁ ምን እንደሆነና ከእነሱ ምን መማር እንደምትፈልጉ ጻፉ። የሚጎድላችሁን ነገር አትጻፉ። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የለውም ወይም መጽሐፍ ለሦስት ነው የሚደርሰው የሚለው እውነት ቢሆንም ቦታው እዚህ አይደለም። አንዴ በዚያ በር ከተገባ መውጫው ከባድ ነው፤ ያየሁት ነው።

ደረጃ 3፦ ፈቃድ

ርዕሰ መምህሩን ከመጀመሪያው ቀን ይዛችሁ ሂዱ። በእሳቸው በኩል ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፍ፤ ዓላማው፣ የሚሳተፉት ተማሪዎች ብዛት፣ የሚቆይበት ጊዜና ከየትኛው የትምህርት ዓይነት ምዕራፍ ጋር እንደሚያያዝ ይገለጽ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም በላይ ያግዛል። «ተጨማሪ ሥራ» ሲባል ፊት የሚያጠቁር ኃላፊ፣ አንድ የሳይንስ ምዕራፍ በዚህ መንገድ እንደሚሸፈን በወረቀት ሲያይ ይፈርማል። የእኛ ደብዳቤ አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ተኝቷል፤ ስለዚህ በግንቦት ጀምሩት፣ መስከረም ላይ ማኅተሙ እጃችሁ ላይ ይሁን። ግልባጭ አስቀሩ።

ደረጃ 4፦ የአንድ ገጽ ስምምነት

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንድ ገጽ ይፈራረሙ። ረጅም ከሆነ ማንም አያነበውም። በእኛ ገጽ ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው።

ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። የሚቆየው አንድ የትምህርት ዘመን ነው፤ ለማደስ በሰኔ እንነጋገራለን። በየወገኑ አስተባባሪ ሁለት ሁለት መምህራን ናቸው፤ አንዱ ዝውውር ቢደርሰው ወይም ቢታመም ሥራው እንዳይሞት። ስጦታና ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት የለም፤ ከዚያ በኋላም ቢመጣ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ እንጂ በማንም መምህር የግል አካውንት አይገባም።

የልጆች ደኅንነትም እዚሁ ገጽ ላይ ነው። ተማሪ ከተማሪ ጋር በግል ቴሌግራም አይገናኝም፤ ሁሉም ነገር በአስተባባሪዎቹ በኩል ያልፋል። ከፎቶ ጋር ሙሉ ስም፣ ሰፈርና የወላጅ ሥራ አይላክም። ወላጅ ያልፈረመለት ልጅ ፎቶው አይወጣም። የወላጅ ፈቃድ ወረቀቱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ስብሰባ ላይ ይነበብላቸው። ቦኖ ላይ ተሰልፎ ጄሪካን የያዘ ልጅ ፊቱን አናነሳም ብለን ወስነናል። ጄሪካኑን እናነሳለን፣ ሰልፉን ከኋላ እናነሳለን። ያ ፎቶ አንድ ቀን ልመና ላይ ተለጥፎ ቢገኝ ልጁ ምን ይሰማዋል ብላችሁ አስቡ።

ደረጃ 5፦ ሰዓትና ቀን

ይህን እንደ ተራ ነገር አትዩት። የመጀመሪያውን የቪዲዮ ቀጠሮ «በ9 ሰዓት» ብለን ጻፍን። እነሱ በእነሱ ጠዋት 9 ሰዓት ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ ያኔ እኛ ዘንድ 6 ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ለምሳ ወጥተዋል። እኛ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ስንሰበሰብ ደግሞ እነሱ ጥበቃው ሰልችቷቸው ሌላ ክፍለ ጊዜ ገብተው ነበር። ተማሪዎቼ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤት ሲሄዱ አይቻለሁና ሌላ ክፍል ይህ እንዲደርስበት አልፈልግም።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትጽፉ ሁለቱንም ሰዓት ጻፉ፦ በኢትዮጵያ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት፣ በእንግሊዝ ከጠዋቱ 11 ሰዓት። ይህ በብርድ ወራታቸው ነው። እነሱ መጋቢት ውስጥ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉታል፣ ጥቅምት ላይ ይመልሱታል። በመካከሉ ባሉት ወራት የእኛ 8 ሰዓት የእነሱ 12 ሰዓት፣ ማለትም እኩለ ቀን ይሆናል።

ቀኑም እንዲሁ። አንድ ልጅ ደብዳቤው ራስጌ ላይ 5/2/2014 ብሎ ጽፎ፣ አጋሮቻችን የሰባት ዓመት ደብዳቤ በስሕተት የተላከላቸው መስሏቸዋል። ልጁ የጻፈው ጥቅምት 5 ነበር። ይህንን ግን ወደ ትምህርት ቀየርነው፤ 13 ወር ያለው አቆጣጠራችንን፣ ጳጉሜንንና ዓመቱ መስከረም ላይ ለምን እንደሚለወጥ ልጆቹ ራሳቸው አስረዱ። የመጀመሪያው ትምህርት የሄደው ከእኛ ወደ እነሱ ሆነ።

በዓላትና ፈተናዎች ያሉበትን የጋራ ካላንደር በአንድ ወረቀት ላይ ሥሩ። የእነሱ ገናና የእኛ ገና፣ ከዚያ ጥምቀት፣ ከዚያ የመንፈቀ ዓመት ፈተና ሲደራረቡ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ምንም ሥራ አትያዙ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ወር ሥዕል ነው

መለካት ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱም ክፍሎች ሳይነጋገሩ የማዶውን ልጅ ቤት ይሳሉ። የእኛዎቹ ከመጠን በላይ ትልቅ ቤት፣ ሁለት መኪናና በረዶ ሣሉ። የእነሱ ሥዕሎች ሲመጡ ክብ ጎጆ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ የተሰነጣጠቀ መሬትና አንበሳ ነበሩ። ክፍሉ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ አንዷ ተነስታ «ቲቸር፣ ኮንዶሚኒየማችንን አያውቁትም ማለት ነው?» አለች። ሥዕሎቹን አስቀምጧቸው፣ በሰኔ ትፈልጓቸዋላችሁ።

ደብዳቤውን ልጆቹ መጀመሪያ በሚቀናቸው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይጻፉ። ከዚያ በቡድን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። በቀጥታ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሁሉም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ስሜ፣ ዕድሜዬ፣ የምወደው ቀለም። በራሳቸው ቋንቋ ሲጀምሩ ግን የሚነግሩት ነገር ያገኛሉ።

ደረጃ 7፦ የጄሪካን ሳምንት

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ገባን። እያንዳንዱ ልጅ ለሰባት ቀናት ቤታቸው የሚገባውን ውኃ ይመዘግባል።

መጀመሪያ ጄሪካኑን ለኩ። ሰፈር ውስጥ ያለው ጄሪካን ሁሉ 20 ሊትር አይደለም፤ 25ም አለ፣ ከዚያ ያነሰም አለ። በአንድ ሊትር ሃይላንድ እየሞሉ ይቁጠሩትና ልኩን በማርከር ይጻፉበት። የቧንቧ ውኃ ያለው ቤት ቆጣሪውን ጠዋት ጠዋት ያነባል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣለት ደግሞ በርሜልና ሮቶ ውስጥ የቀረውን በማስመሪያ ይለካል። በየማታው በደብተሩ ላይ የዕለቱ ሊትር፣ በቤቱ ያደረው ሰው ቁጥር፣ ለአንድ ሰው የደረሰው ይጻፋል። እንግዳ ከመጣ ወይም ልብስ የታጠበበት ቀን ከሆነ ከጎኑ ይመዝገብ፤ አለበለዚያ የቅዳሜው ቁጥር ግራ ያጋባል።

ደብተሩ ላይ ስም አይጻፍ። ለእያንዳንዱ ቤት መለያ ቁጥር ስጡና ዝርዝሩን እናንተ ብቻ ያዙት። ውኃ ከቦቴ ገዝቶ የሚጠጣውና ቧንቧ ያለው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ልጆች ደግሞ ይተያያሉ።

ማዶ ያሉት ልጆች ቆጣሪ ያነብባሉ፣ ባልዲም ይጠቀማሉ። ከእነሱ አንዷ ሻወሩ ሥር 10 ሊትር ባልዲ አስቀምጣ በአንድ ደቂቃ እንደሚሞላ ለካች፤ የምትታጠበው ደግሞ 8 ደቂቃ ነው። 80 ሊትር። የእኔ ክፍል ወደ ጄሪካን ሲቀይረው አራት ጄሪካን ሆነ። ክፍሉ ጮኸ። በየቀኑ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት ሁለት ጄሪካን የሚያመላልስ ልጅ ግን አልጮኸም። እጁን አውጥቶ «ከዚያ በኋላ ውኃው የት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ።

የጥያቄያችን ሁለተኛ አጋማሽ የመጣው ከእሱ ነው። እነሱ ማጣሪያ ጣቢያቸውን ሄደው ጎበኙ። የእኛ ልጆች ደግሞ ውኃው በቤት ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ ተከትለው ሣሉት፦ ልብስ ያለቀለቀው ውኃ ወለል ይወለወልበታል፣ ከዚያ ሽንት ቤት ይደፋበታል፤ ሩዝ የታጠበበት ጓሮ ያለውን ጎመን ያጠጣል። እናቶቻቸው ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ሲያደርጉት ኖረዋል። አጋሮቻችን ሥዕሉን ሲያዩ አንድ ሊትር ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚሠራበት ቤት አላየንም ብለው ጻፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ሻወሩ እስኪሞቅ ድረስ ዝም ብሎ የሚፈሰውን ውኃ በባልዲ ይዘው አትክልት ማጠጣት ጀመሩ። እዚያ ላይ ነው አጋርነቱ የቆመው ብዬ የማምነው። አንዲት ተማሪዬ ለእናቷ «እንግሊዝ አገር ያንቺን እየሠሩት ነው» ብላ መናገሯን በማግሥቱ ነገረችኝ።

ቁጥሮቻችሁን የምታነጻጽሩባቸው መለኪያዎች እነሆ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት አንድ ሰው መሠረታዊ ፍላጎቱን ለማሟላት በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልገዋል። በእንግሊዝ አንድ ሰው በቤቱ በቀን በአማካይ 140 ሊትር ገደማ ይጠቀማል። ልጆቹ የክፍላቸውን አማካይ ከእነዚህ ጋር በአንድ የአሞሌ ግራፍ ላይ ያስቀምጡት። ከግራፉ በኋላ ግን ቶሎ አትናገሩ፤ ልጆቹ ዝም ብለው ይዩት።

ደረጃ 8፦ ዝናቡን ለኩ

የጄሪካኑ ሳምንት እንዳለቀ ልጆቹ «እነሱ አገር ዝናብ ብዙ ስለሆነ ነው» ይላሉ። ሁሉም ይህን ይላል፣ መምህራንም ጭምር። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ግን ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ የለንደን ወደ 600 ነው። ከለንደን እጥፍ የሚጠጋ ዝናብ እየወረደብን ግንቦት ላይ ጄሪካን እንሰለፋለን። ለምን? አብዛኛው ዝናባችን ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ስለሚወርድ፣ የእነሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ስለሚል፤ እኛም የወረደውን ስለማንይዘው። ልጆቹ ይህን ከእናንተ አፍ ከሚሰሙት ለክተው ቢደርሱበት ይሻላል።

የዝናብ መለኪያው እንዲህ ይሠራል። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ቅርጹ ከላይ እስከ ታች ያልተሸበሸበ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ምረጡ። ትከሻው ላይ ቁረጡትና ክዳኑን አውልቃችሁ የላይኛውን ክፍል ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ አስገቡበት። ታችኛው ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩበት፤ ጎኑ ቀጥ ማለት እስከሚጀምርበት ድረስም ውኃ ሙሉትና ያንን ቦታ ዜሮ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዜሮው ጀምሮ ማስመሪያ በፕላስተር ለጥፉ። ነፋስ እንዳይጥለው በጡብ መካከል፣ ከዛፍና ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበባል፣ ይመዘገባል፣ የተጠራቀመው ይደፋና ወደ ዜሮ ይመለሳል። አጋሮቻችሁም በተመሳሳይ ዕቃ፣ በራሳቸው ጠዋት 9 ሰዓት ያንብቡ፤ ቁጥሩ ያን ጊዜ ይነጻጸራል። በመስከረም መጨረሻው ዝናብ ጀምሩ፣ በበልጉ ቀጥሉ።

ቀጥሎ የጣሪያ ሒሳብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው፤ ይህን ብቻ ይያዙ። የክፍሎቻችን ብሎክ ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር ነው፤ ቆርቆሮው 240 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አንድ ሌሊት 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,400 ሊትር ይወርድበታል። ከአምስት እጅ አንዱ ተረጭቶና ፈስሶ ይባክናል ብለን ብንተወው እንኳ 1,920 ሊትር ይቀራል፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ልጆቹ ይህን ሠርተው ሲጨርሱ አንገታቸውን አውጥተው አሸንዳ የሌለውን ጣሪያ ማየት ጀመሩ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን ያልመከርኳቸውን ነገር ልንገራችሁ። የክበቡ ልጆች ሒሳቡን በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፈው ለወላጅ መምህር ኅብረት አቀረቡ። አሸንዳውን ቆርቆሮ የሚሠሩ ሁለት ወላጆች በጉልበታቸው ሠሩት፤ ዕቃው በትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ተገዛ። የምንይዘው ውኃ ለመጠጥ አይደለም፤ ለሽንት ቤቱ፣ ለእጅ መታጠቢያና ለችግኙ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ሮቶው ሳይገባ ይደፋል። ማዶ ያሉትም በዚያው ጊዜ ለትምህርት ቤታቸው ጓሮ በርሜል አቆሙ። ከእነሱ ገንዘብ አልጠየቅንም፤ አሸንዳው የእኛ ነው።

ደረጃ 9፦ ኢንተርኔት ሲኖርና ሳይኖር

ሥራችሁን በቀጥታ ቪዲዮ ላይ አትመሥርቱት። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ አርባ ልጅ አንድ ስልክ ከቦ ማንም ማንንም ሳይሰማ ሃያ ደቂቃ ያልቃል። በዓመት ሁለት የቀጥታ ግንኙነት ይበቃል፤ የሚናገሩት ልጆችና የሚጠይቁት ጥያቄ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ስልኩ ከድምፅ ማጉያ ጋር ይያያዝ። የሚኒ ሚዲያው ክበብ ማይክና ስፒከር ስላለው ያን ቀን አብሯችሁ ይሁን።

የቀረው በተቀዳ መልእክት ይሁን። ሁለት ደቂቃ ያልበለጠ ቪዲዮ፣ ጥራቱ ዝቅ ተደርጎ፣ በአስተባባሪዎቹ የቴሌግራም ቡድን ይላክ። የሚኒ ሚዲያው ልጆች ከማዶ የመጣውን ወደ አማርኛ መልሰው በዕረፍት ሰዓት ያሰሙታል፤ ክበቡ ውስጥ የሌሉት ተማሪዎች ሥራውን የሚያውቁት በዚህ ነው። የሠንጠረዦቹን ፎቶ ከመላክ ቁጥሮቹን በጽሑፍ መላክ ይሻላል፤ ይቀላልም፣ ስሕተትም ይቀንሳል።

ደረጃ 10፦ በሰኔ የምትሠሩት

በመስከረም ከሥዕሉ ጋር ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቋቸው፦ የቤታችሁ ውኃ ከየት ይመጣል? ከተጠቀማችሁበት በኋላስ ወዴት ይሄዳል? መስከረም ላይ «ከቧንቧ» እና «ቦይ ውስጥ» ብለው ይመልሳሉ። ሰኔ ላይ ሳትነግሯቸው ያንኑ ጥያቄ ድገሙት፤ ሥዕሉንም ድገሙት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከአጋራችሁ መምህር ጋር ተያዩ። ለወረዳው የምትጽፉት ሪፖርት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገውም። በእነሱ የሰኔ ሥዕሎች ውስጥ አንበሳው ጠፍቷል፤ በቦታው ቢጫ ጄሪካንና ኮንዶሚኒየም ገብቷል። የእኛዎቹ የሣሉት ቤትም አንሷል፤ በሩ ላይ የዝናብ መለኪያ ቆሟል።

ያልሠራውንም ጻፉ። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ከ42 ደብተር 15ቱ ሳይሞሉ ቀርተዋል፤ አብዛኞቹ ማታ ማታ ቤተሰባቸውን በሥራ የሚያግዙ ልጆች ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ምዝገባውን ከሰባት ቀን ወደ ሦስት ቀን አሳጠርነው፤ ሁሉም ሞሉት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዋናው ዝናብ ገና መጀመሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ሐምሌና ነሐሴ ከሁሉም የበለጡ ወራት ናቸው፣ ልጆቹ ግን የሉም። ስለዚህ የመዝጊያው ሳምንት ከመድረሱ በፊት የግቢውን ጥበቃ አነጋግሩ። የእኛን ጋሼን መለኪያውን እንዴት እንደሚያነቡ ያሳዩአቸው ሁለት ልጆች ናቸው፤ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ዓይን ከውኃው እኩል፣ ከዚያ መድፋት። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሚስማር ላይ ይሰቅሉታል። መስከረም ስንመለስ እያንዳንዱ ቀን ተሞልቶ ነበር፤ ካፊያ ብቻ ባለበት ቀን «ትንሽ ነው፣ አይለካም» ተብሎ ተጽፏል። ልጆቹ ደብተሩን ገጽ በገጽ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ላኩት።